ክብደት የሌለው መንኮራኩር፦ በቤት ውስጥ ምስለ በረራ ስለሚበሩ አውሮፕላኖች እውነተኛነት

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ብሂል በእጁ ባልገባ ሀብት ለሚመካ ሰው የተነገረ ነው። በዘመናችን ግን በሰማይ ላም ብቻ ሳይሆን አውሮፕላንም ያለው ሰው በዝቷል። ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ከዋሺንግተን ዱለስ ተነሥቶ ቦሌ የሚያርፍ ሰው በየአገሩ አለ። ይህንን የትርፍ ጊዜ ሥራ እንደ ልጅ ጨዋታ ንቆ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን እንደ አንድ የጥበብ ዘርፍ አይቼ ልመረምረው እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ሥነ ጥበብ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የሚጠየቀውን ጥያቄ ይኸኛውም ይጠየቃል፤ አመሳሰልኩ የሚል ሰው ምኑን ነው ያመሳሰለው? «እውነተኛ» የሚለውን ቃል በምርቱ ሽፋን ላይ የሚጽፍ ነጋዴና ቃሉን የሚደግም ገምጋሚ ስለ የትኛው እውነት ነው የሚናገሩት?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ በ1929 በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ውስጥ፣ የኦርጋኑን የአየር ወናፎች ተጠቅሞ፣ ከመሬት ሳይነሣ የሚወዛወዝ የመጀመሪያ የበረራ ማስተማሪያውን ሠራ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ብሩስ አርትዊክ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቤት ኮምፒውተር አመጣው፤ ማይክሮሶፍትም በ1982 የራሱን እትም አወጣ። በ2003 እና በ2006 የወጡት የማይክሮሶፍት እትሞች በዓለም ዙሪያ ትልቅ ገበያ ፈጠሩ። ዋናው ፕሮግራም ሰማዩን፣ ምድሩንና ጥቂት ቀለል ያሉ አውሮፕላኖችን ይሰጣል፤ ሌሎች አነስተኛ ድርጅቶች ደግሞ አንድን አውሮፕላን ብቻ ወስደው፣ ለዓመታት ደክመውበት፣ ለብቻው ይሸጡታል። አንዳንዱ ተጨማሪ አውሮፕላን ዋጋው ከዋናው ፕሮግራም ይበልጣል። ማይክሮሶፍት በ2009 የሥራ ክፍሉን ቢዘጋም እነዚህ ትናንሽ ሠሪዎች አልተበተኑም፤ እንዲያውም ከ2020ው አዲስ እትም ወዲህ ገበያቸው እንደገና ደርቷል። የምተቸውም የእነዚህን ሠሪዎች ሥራ ነው።

በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ «እውነተኛ» የሚለው ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ መልክን፣ አሠራርን፣ ጠባይንና ክብደትን። ችግሩ ገበያው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እየመዘነ የኋለኞቹን ሁለቱን መርሳቱ ነው።

ስለ መልክ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዛሬ የሚሸጡት አውሮፕላኖች በመስኮታቸው ላይ ያለውን ጭረት፣ በወንበሩ ቆዳ ላይ ያለውን መጨማደድ፣ የአብራሪ እጅ ያደበዘዘውን ቁልፍ ሳይቀር ያሳያሉ። የሚደነቅ የእጅ ሥራ ነው። ነገር ግን መልክ በቀላሉ የሚታይና በቀላሉ የሚሸጥ ስለሆነ፣ በማስታወቂያም በግምገማም ፊተኛውን ቦታ ይወስዳል። ሰሙ አምሮ ወርቁ የጎደለ ቅኔ እንዳለ ሁሉ፣ ቀለሙ አምሮ በረራው የጎደለ አውሮፕላንም አለ።

ሁለተኛው፣ የአሠራር እውነት፣ ይበልጥ ክብር ይገባዋል። እዚህ ላይ ሁለት ስሞችን ማንሣት ግድ ነው። አንደኛው ሌቭል-ዲ የተባለው ድርጅት ለ2003ቱና ለ2006ቱ እትሞች የሠራው ቦይንግ 767-300 ነው። ሁለተኛው ፒኤምዲጂ በ2011 ያወጣው የቦይንግ 737 ሥራ ነው። በእነዚህ ውስጥ ቁልፍ ሁሉ ሥራ አለው፤ የኤሌክትሪኩ፣ የሃይድሮሊኩ፣ የነዳጁና የአየር ግፊቱ መስመር እርስ በርሱ ተሳስሯል። አንዱን ሲያጠፉት ሌላው ይነካል። የውስጥ ደዌ ሐኪም እንደመሆኔ ይህ ትስስር ደስ ይለኛል፤ ኩላሊት ሲደክም ልብ እንደሚጨነቅ ሁሉ፣ አንድ ጄኔሬተር ሲጠፋ የትኛው ስክሪን እንደሚጨልም የሚያሳይ ሥራ ስለ ማሽኑ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። ከእነዚህ ሥራዎች በፊት በቤት ውስጥ የሚበረው አውሮፕላን ባብዛኛው የተቀባ ሥዕል ነበር፤ እነርሱ ግን የውስጥ አካል ሰጡት። ይህን ውለታ የሚክድ ገምጋሚ ፍትሐዊ አይደለም።

የድርጅቱ ስም ግን ትንሽ ያስገርማል። «ሌቭል ዲ» የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለከፍተኛው የማሠልጠኛ ምስለ በረራ የሚሰጠው ደረጃ ነው፤ በስድስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ፣ አብራሪው እውነተኛውን አውሮፕላን ሳይነካ የፈቃድ ፈተናውን ሊፈጽምበት የሚችል መሣሪያ ነው። ስሙን በጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ፕሮግራም ማዋስ ምኞትን ይገልጻል እንጂ ሐቅን አይገልጽም።

የአሠራር እውነት የት ላይ እንደሚያልቅ ለማየት የዚያው የ767 ዝርያ ሁለት ታሪኮች ይበቁናል። በጁላይ 1983 የኤር ካናዳ 767 በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ነዳጅ አለቀበት፤ ምክንያቱም ነዳጁ በኪሎ ግራም መሰላት ሲገባው በፓውንድ ተሰልቶ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ተሞልቶ ነበር። (መድኃኒት የሚያዝ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሲሰማ ይደነግጣል፤ የመለኪያ ስሕተት ምን እንደሚያደርግ ያውቃልና።) ካፒቴን ፒርሰን ሞተር አልባውን አውሮፕላን ጊምሊ በሚባል የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ አሳረፉት። ከፍታው በዝቶባቸው ስለነበር አውሮፕላኑን ጎን ለጎን አንሸራትተው፣ በሞተር አልባ ተንሸራታች አውሮፕላን በተማሩት ስልት፣ ትርፉን ከፍታ አቃጠሉት። ሁለተኛው ታሪክ የኛ ነው። በኖቬምበር 23 ቀን 1996 የኢትዮጵያ አየር መንገድ 767፣ በጠላፊዎች ተይዞ ነዳጁን ከጨረሰ በኋላ፣ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ውሃ ላይ ወደቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገሉ፣ ሞተርና ፍላፕ ሳይኖራቸው፣ አውሮፕላኑን ለማሳረፍ ሞከሩ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ሰዎች ተረፉ።

አሁን በቤታችን ያለውን 767 በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች ላይ እናስቀምጠው። ነዳጁን እንጨርሰው። ሞተሮቹ ይጠፋሉ፣ ስክሪኖቹ ይጨልማሉ፣ መጠባበቂያ መሣሪያዎቹ ብቻ ይቀራሉ፤ እስከዚህ ድረስ ሠሪው ተግቷል። ነገር ግን የፒርሰንን መንሸራተት እንሞክር ስንል የምናገኘው የአየሩን መልስ ሳይሆን በሰንጠረዥ የተጻፈ ግምት ነው። ውሃ ላይ እንረፍ ስንል ደግሞ፣ የመከስከስ ምርጫው ተከፍቶ ከሆነ፣ የ2006ቱ ፕሮግራም የየብስ አውሮፕላን ውሃ በነካበት ቅጽበት ትዕይንቱን ቆርጦ ያቆማል። ለፕሮግራሙ ውሃው መጨረሻ ነው፤ ለነዚያ 50 ሰዎች ግን ሁሉም ነገር የተወሰነው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነበር። ቁልፎቹ ሁሉ የሚሠሩበት አውሮፕላን፣ ቁልፍ በማይረባበት ሰዓት፣ የሚናገረው ያልቅበታል።

ይህ ወደ ሦስተኛው እውነት ያደርሰናል፤ ጠባይ የምለው ይህንኑ ነው። አውሮፕላን በአየር ውስጥ ምን ይሆናል የሚለውን የቤት ፕሮግራሞች በሁለት መንገድ ያሰሉታል። የማይክሮሶፍት የቀድሞ እትሞች አስቀድሞ በተዘጋጀ የቁጥር ሰንጠረዥ ይመራሉ፤ ሰንጠረዡ ለተለመደው በረራ ይበቃል፣ ከተለመደው ሲወጡ ግን ይሰነካከላል። ኦስቲን ሜየር የጀመረው ኤክስ-ፕሌን ደግሞ ክንፉን ወደ ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ በያንዳንዱ ክፍል ላይ አየሩ የሚያሳድረውን ኃይል በየቅጽበቱ ያሰላል። ሁለተኛው መንገድ በመርሕ የተሻለ ይመስለኛል፤ ሆኖም የተጠነቀቀ ሠሪ በመጀመሪያው መንገድም ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ማጀስቲክ የተባለው ድርጅት ለ2006ቱ እትም የሠራው ዳሽ 8 ኪው400 የበረራ ስሌቱን ከዋናው ፕሮግራም ውጭ አውጥቶ ራሱ ያካሂዳል። ይህ አውሮፕላን ከ2010 ጀምሮ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ ስለሚበር፣ ጎንደርን ወይም ጅማን በስክሪን ሊጎበኝ የሚፈልግ ስደተኛ ይህን ሥራ ቢመርጥ አልፈርድበትም።

የማንኛውንም ተጨማሪ አውሮፕላን ጠባይ ለመፈተን ከቦሌ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ በቀትር ሙቀት ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት በመሬት ላይ ይበልጥ መፍጠን አለበት፣ መንደርደሪያው ይረዝማል። ሙሉ ጭነት የያዘ አውሮፕላን ከቦሌም ከአምስተርዳምም በአንድ ዓይነት ርቀት የሚነሣ ከሆነ፣ የወንበሩ ቆዳ ምንም ያህል ቢያምር ሠሪው አየሩን ረስቷል። በባለ ፒስተን ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ ፈተናው ይጠብቃል፤ አብራሪው ነዳጁን ከሳሳው አየር ጋር ካላመጣጠነ ሞተሩ በነዳጅ ታፍኖ ያንቋርራል። ይህን የማያሳይ ሥራ ደጋን አያውቅም።

በዚህ ረገድ ኤ2ኤ የተባለው ድርጅት የሠራቸውን እንደ ሴስና 172 እና ኮማንቼ ያሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሁሉ አስበልጬ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ግን ስለ አየር ስሌታቸው ብቻ አይደለም። የእነዚህ አውሮፕላኖች ልዩ ነገር ትዝታ ያላቸው መሆኑ ነው። ትናንት ሞተሩን ሳያሞቁ ካስጮኹት፣ ዛሬ ሲመለሱ ጉዳቱ እዚያው ይጠብቅዎታል። ዘይቱ ያንሳል፣ የሞተሩ ሻማ በጥላሸት ይሸፈናል፣ ጎማው ያልቃል። ከመነሣት በፊት በእግር ዞረው ማየት፣ ከነዳጁ ጥቂት ቀድተው ውሃ እንደሌለበት መመልከት ይጠበቅብዎታል። ሌሎቹ አውሮፕላኖች ሁልጊዜ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ ያለፈ ታሪክ የላቸውም። ታካሚ ወደ ሐኪም ሲመጣ ግን በሽታውን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ከሠላሳ ዓመት የኖረበትን አካል ይዞ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ሥራችንም «ያለፈውን ንገረኝ» ማለት ነው። ማሽንም እንዲሁ ነው። የኤ2ኤ ሠሪዎች ይህን ስለተረዱ፣ ከአንድ ትልቅ ጄት አንድ ሺህ ቁልፍ ይልቅ የአንዲት ትንሽ ሴስና ያረጀ ሞተር ወደ እውነት ቀርቧል እላለሁ።

አራተኛው እውነት ክብደት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጭብጥም እዚህ ላይ ነው።

በ737 የበረራ ክፍል ውስጥ፣ በሁለቱ አብራሪዎች መካከል፣ ግራና ቀኝ የተተከሉ ሁለት ትልልቅ ጥቁር መንኮራኩሮች አሉ። የጅራቱን አግድም ክንፍ አጠቃላይ ዝንባሌ ያስተካክላሉ። በኤሌክትሪክ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ደግሞ እጀታውን አውጥቶ በእጅ ማዞር ይቻላል። የቤት ሠሪዎች ይህን መንኮራኩር በሚያስደንቅ ትጋት ሠርተውታል፤ ነጩ መስመር ሲዞር ይታያል፣ ድምፁም ይሰማል። በማውስ ጫፍ ከነኩት ያለ ድካም ይዞራል።

በማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሥቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች አለቁ። ከአምስት ወር ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን በተመሳሳይ ሁኔታ 189 ሰዎችን ይዞ ወድቆ ነበር። አውሮፕላኑ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካው አንድ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር በመላኩ፣ ኤምካስ የተባለው ሥርዐት የአውሮፕላኑን አፍንጫ በተደጋጋሚ ወደ ታች ገፋ። በ2019 የወጣው የመጀመሪያ ዘገባ እንደሚያሳየው የኢትዮጵያ አብራሪዎች ኤሌክትሪኩን ቆርጠው መንኮራኩሩን በእጅ ለማዞር ሞክረዋል፤ አልዞረም። ፍጥነቱ እየጨመረ፣ የጅራቱ ክንፍም ከልክ በላይ እያዘነበለ ሲሄድ፣ አየሩ በዚያ ክንፍ ላይ የሚያሳድረው ጫና የሰው ክንድ ከሚችለው በላይ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በካፒቴኑ በኩል ያለው መሪ፣ ክንፉ ማንሣት ሊያቅተው ነው የሚለውን የሐሰት ማስጠንቀቂያ እያሰማ፣ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናስታውሳለን። በሜይ 2019 በአሜሪካ ኮንግረስ መድረክ ላይ፣ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ይወጡት ነበር የሚል አስተያየት ተሰማ። ከዚህ ዝቅ ባለው እርከንም፣ በየቤቱ በ737 አምሳያ ላይ ሁለቱን ማቋረጫዎች ዘግቶ፣ መንኮራኩሩን በማውስ አዙሮ፣ «ይኸው ተረፍኩ» የሚል ፈራጅ ጥቂት አልነበረም። የሞተሩ ኃይል ለምን አልተቀነሰም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎችም የአብራሪዎቹ አሠራር በ2022ቱ የመጨረሻ ዘገባ ላይ በበቂ አልተመረመረም ብለዋል። ጥያቄውን አልሸሸውም። የምቃወመው ጥያቄውን ሳይሆን ማስረጃውን ነው። ክብደት የሌለውን መንኮራኩር ያዞረ ሰው ክብደት ስላለው መንኮራኩር መመስከር አይችልም። «ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል» ይላሉ አበው፤ እዚህ ግን ተቀምጠው የሰቀሉት ፍርድ የሙታን ስም ላይ ነው።

ይባስ ብሎ፣ ይህ ጉድለት የቤት አምሳያዎች ብቻ አልነበረም። ቦይንግ በዚያው በሜይ 2019 ለሙያተኞች ማሠልጠኛ የሚያገለግለው የ737 ማክስ ምስለ በረራ ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል እንደማያሳይ አምኖ ማረሙን ገለጸ። ጉድለቱ ከዚሁ መንኮራኩር ክብደት ጋር የተያያዘ እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በማርች 2019 ባወጣው መግለጫ ምስለ በረራው የኤምካስን ችግር እንዲያሳይ ሆኖ እንዳልተሠራ አስታውቆ ነበር። ሚሊዮን ዶላሮች የፈሰሱበት፣ በስድስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ የክንድን ድካም ከሳተ፣ ከጠረጴዛው ላይ ያለው ምን ሊል ነው?

«ይህ መዝናኛ ነው፤ ለምን ታከብደዋለህ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። መዝናኛነቱን አልነፍገውም፤ ከድካም በኋላ የአገርን ተራራ በስክሪን ከላይ ማየት ለስደተኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ጨዋታ ነኝ የሚል ሥራ በጨዋታ ሚዛን ይመዘናል፤ እውነት ነኝ የሚል ሥራ ደግሞ በእውነት ሚዛን። ስሙን ራሱ መርጧልና።

ደግሞም ክብደትን በቤት ውስጥ ማሳየት አይቻልም ማለት አይደለም። ትምህርቴን በውጭ አገር በምከታተልበት ዘመን ልብን በእጅ ግፊት ማስነሣት የተማርነው በ1960 ኖርዌይ ውስጥ በተሠራችው የሌርዳል አሻንጉሊት ላይ ነበር። ፊቷ የማይንቀሳቀስ ነው፤ ደም የላትም፣ አትናገርም። ሠሪዎቿ ግን አንድ ነገር አልሳቱም፤ ደረቷ ውስጥ ስፕሪንግ አኖሩ። ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ለመግፋት፣ በደቂቃ ከመቶ ጊዜ በላይ እየደጋገሙ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልግና ክንድ ምን ያህል ቶሎ እንደሚዝል ያ ስፕሪንግ ያስተምራል። መልኳ ከሕይወት ሩቅ ነው፤ ተቃውሞዋ ግን እውነት ነው። እውነቱ መኖር በሚገባው ቦታ ላይ ስለተቀመጠ፣ በዓለም ዙሪያ ቁጥር ስፍር የሌለው ሰው በእርሷ ላይ ሠልጥኗል። የቤት በረራ ሠሪዎች የጎደላቸው ስፕሪንጉን የት እንደሚያኖሩ ማወቅ ነው።

ስለዚህ ከሠሪዎቹ የምጠይቀው ተጨማሪ ጭረትና ተጨማሪ ቀለም አይደለም። ማውሱ መንኮራኩሩን እንደ ፍጥነቱና እንደ ጅራቱ ጫና መጠን እያዘገመ ያዙር፤ ከአንድ ወሰን በኋላም እምቢ ይበል። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጥቂት የስሌት መስመሮች ይበቁታል። ሁለተኛ፣ ሥራው የማያውቀውን ይናገር። ለሙያተኛ መሣሪያዎች እንኳ ይህ ትምህርት በደም ነው የተገኘው። በፌብሩዋሪ 2009 በባፋሎ አቅራቢያ አንድ ኪው400 ክንፉ ማንሣት አቅቶት ወድቆ 50 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የአሜሪካ ባለሥልጣን አብራሪዎች ሙሉውን የማንሣት መሳን በምስለ በረራ እንዲለማመዱ አዘዘ፤ በ2016ም መሣሪያዎቹ ይህንኑ በትክክል እንዲያሳዩ ደንባቸውን አሻሻለ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከዚያ ወሰን ባሻገር የሚያሳዩት ግምት ነበር። የቤቱ ሠሪም በመማሪያ መጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ከዚህ በኋላ ያለው ግምቴ ነው» ብሎ ቢጽፍ ሥራው አይዋረድም፤ ይከበራል እንጂ።

ከገምጋሚዎች የምጠይቀው ደግሞ ይቀላል። አውሮፕላኑን ከመስኮት ውጭ ቆመው ፎቶግራፉን ከማንሣታቸው በፊት፣ ሙሉ ጭነት ሰጥተው በቀትር ከቦሌ ያስነሡት። ሞተሩን አጥፍተው ጎን ለጎን ያንሸራትቱት። ዛሬ በድለውት ነገ ይመለሱበት። ከዚያም መንኮራኩሩን በእጅ ለማዞር ይሞክሩ። እንደ ላባ ከቀለላቸው፣ «እውነተኛ» የሚለውን ቃል ከመጻፍ ይቆጠቡ፤ ያ ቃል ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው ማሳ ላይ ተከፍሎበታልና።